የግብሩን ብር ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ገብርኤልና አዲስ ዓመት ደግሞ ደረሱ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ሁለት ማሽን አለኝ፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው አንዲት ልጅ ትሠራለች። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሦስት ልጆች አሉን። የሱ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይውላል። ግብሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ልብስ በኔ በኩል ነው።

ዘንድሮ 19,200 ብር ግብር ክፈይ ተብያለሁ። አምና 12,000 ነበር። ለዚሁ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያልኩ 14,000 ብር አጠራቅሜ ነበር። ግንቦት ላይ የታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆመ። «እህቴ፣ በወር ውስጥ እመልስልሻለሁ» ብሎ ለመነኝ። 10,000 ብር ሰጠሁት። ባጃጇ ተሠርታ ሥራ ከጀመረች ቆየች፤ ብሩ ግን አልመጣም። ስጠይቀው «እሺ» ይላል፤ ከዚያ ስልክ አያነሳም።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ከወንድሜ ጋር ድሮም እምብዛም አይዋደዱም። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ «የግብሩ ብር አለ አይደል?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «ጎበዝ» ብሎ አጎረሰኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለሐምሌ 19 ገብርኤል ደግሞ አማቴና የባለቤቴ እህቶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በየዓመቱ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ለበግ ብሎ 9,000 ብር አስቀምጧል። ከዚያ አዲስ ዓመት አለ፤ ከመምህራኑ ጋር ቅርጫ ይገባል። የልጆቹ ምዝገባና ደብተርም አለ። ሐምሌ ላይ ሥራዬ ቀዝቃዛ ነው። የኔ ገበያ የሚሞቀው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒፎርምና በበዓል ልብስ ነው።

እቁብ አለኝ። በሳምንት 600 ብር እንጥላለን፤ 28 ሰው ነን፤ ዕጣዬ ገና አልወጣም። አንዲት ሴትዮ 15,000 ብር በወር በአሥር ፐርሰንት ላበድርሽ ብላኛለች። ካልሆነ አንዱን ማሽን ልሽጠው ብዬም አስቤያለሁ። ይሄን ነገር ለባለቤቴ ሳልነግረው እንዴት ልወጣው? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ስሜ ይቆይ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ይህ መልስ ሲደርስሽ እስከ ግብሩ መክፈያ የመጨረሻ ቀን፣ እስከ ሐምሌ 30፣ ገና ሦስት ሳምንት ያህል ይኖርሻል። ጊዜው ጠባብ ነው፤ ግን አላለፈም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ለወንድምሽ ብር በመስጠትሽ ራስሽን አትርገሚ። ባጃጅ ቆመ ማለት የዕለት እንጀራው ቆመ ማለት ነው። እህት ሆነሽ ዝም ብለሽ ልታይው አልቻልሽም። ብሩ የሌላ ዕዳ መሆኑን እያወቅሽ መስጠትሽ አሁን ጭንቅ ውስጥ ከቶሻል፤ ይህንን እኔ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ከ10,000 ብሩ ይልቅ የከበደሽ ያቺ «አለ» ያልሻት ቃልና ከኋላዋ የመጣችው ጉርሻ ትመስለኛለች። ተሳስቻለሁ? እስቲ ራስሽን ጠይቂው። ብሩ ነገ ከሰማይ ቢወርድልሽና ግብሩን ብትከፍይ፣ ባለቤትሽ ግን ነገሩን ባያውቅ፣ እንቅልፍሽ ይመለሳል?

«ለባለቤቴ ሳልነግረው እንዴት ልወጣው» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ በቀጥታ ልመልስልሽ። መውጣትስ ትወጪዋለሽ፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። ሴትዮዋ በወር አሥር ፐርሰንት ብላሻለች። 15,000 ብር ከወሰድሽ በየወሩ ወለዱ ብቻ 1,500 ብር ነው። የዩኒፎርሙ ገበያ ሞቆ ብር እስኪገባልሽ ብትቆዪ ሦስት ወር ይሞላል። 4,500 ብር ወለድ ከፍለሽ ዋናው 15,000 ብር እንዳለ ይጠብቅሻል ማለት ነው። አራጣ በሕግ ወንጀል መሆኑን ተይው፤ ቤትሽን የሚያናጋው አሠራሩ ነው። አንድ ወር ወለዱ ካለፈሽ ወለዱ ራሱ ዋና ይሆናል። ከዚያ ሴትዮዋ ሱቅሽ በር ላይ ቆማ ብሯን ስትጠይቅ ባለቤትሽ ነገሩን ከሷ አፍ ይሰማል። ካንቺ ቢሰማው አይሻልም?

ማሽኑን ልሽጠው ያልሽውን ደግሞ ፈጽሞ እርሺው። ለዩኒፎርም ወቅት ሁለት ወር እንኳ ሳይቀርሽ ማሽን መሸጥ የዘር እህል ፈጭቶ እንደ መብላት ነው። የዛሬ ዓመት ለሚመጣው ግብርስ በምን ልትሠሪ? አብራሽ የምትሠራዋ ልጅስ የት ትሂድ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺ ብር ፍለጋ አራጣ አበዳሪ ደጅ ትቆሚያለሽ፤ 9,000 ብር ግን እዚያው ቤታችሁ ተቀምጧል። ለበግ የተባለው ብር ማለቴ ነው። እሱን ብር መንካት የማትችዪው ነገሩን ለባለቤትሽ ስላልነገርሽው ብቻ ነው። የግብሩ ብር ሙሉ ነው ብሎ ስላመነ በግ ለመግዛት ልቡ ሞልቷል። ባያምን ኖሮ ራሱ «በጉ ይቅር» የሚል ሰው ነው ብዬ እገምታለሁ። ግብሩን አስታውሶ የጠየቀሽ ሰው ነዋ፤ ነገሩ ያሳስበዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህ ላይ በብር ተቆጥሮ ይታያል።

እንዴት ልንገረው ትዪኝ ይሆናል። ምሳ ላይ ልጆቹ ባሉበት አይሁን። እንግዳ ከመጣ በኋላ ደግሞ በጭራሽ አይሁን፤ እናቱ ጓዳ ሆነው እየሰሙ እሱም ልቡ የፈቀደውን መናገር አይችልም፤ አንቺም ታፍሪያለሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡናውም ሻዩም ካለቀ በኋላ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ያን ቀን የግብሩ ብር አለ ያልኩህ ልክ አልነበረም። 10,000 ብሩን ግንቦት ላይ ለወንድሜ አበድሬዋለሁ። አልመለሰልኝም። የፈራሁት እንዳትጣሉ ነው። አሁን ያለኝ 4,000 ነው፤ የሚፈለገው 19,200 ነው። ምን እናድርግ?» በይው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ምን እናድርግ» ትልቅ ነገር ናት። ጥፋትሽን ከነገርሽው በኋላ ወደ መፍትሔው አብሮሽ እንዲገባ በር ትከፍትለታለች።

ይቆጣል? ሊቆጣ ይችላል። ወንድምሽን የሚወቅስ ቃልም ይወጣው ይሆናል። ያን ሰዓት ለወንድምሽ ጥብቅና አትቁሚ። ይናገር። የሚያናድደው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ባለማወቁም ጭምር ነው። ሌሊቱን ተኩራርፎ ቢያድር እንኳ ጠዋት ላይ ሁለታችሁም የምታውቁት አንድ ዓይነት ቁጥር ይኖራችኋል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከዚህ በፊት ሲናደድ እጁን ያነሳብሽ ሰው ነው? ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፤ የሚያከብረው ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባታችሁ ባሉበት ይሁን። እንዲያ ካልሆነ ግን ሦስተኛ ሰው አታስገቢ።

በሚቀጥለው ቀን ወደ ግብሩ ቢሮ ሂጂ። ብዙ ሰው ብር ሳይሞላለት ገቢዎች ደጅ መርገጥ ያስፈራዋል። ሐምሌ 30 እስኪደርስ ይሸሻል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ግብርን በጊዜው አለማሳወቅ ለብቻው ቅጣት አለው፤ በጊዜው አለመክፈልም ለብቻው ቅጣትና ወለድ አለው። ብሩ ቢጎድልሽ እንኳ በቀኑ ቀርበሽ ካስታወቅሽ ቢያንስ አንደኛውን ቅጣት ከራስሽ ላይ ታወርጃለሽ። ደግሞም የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ካልያዝሽ ንግድ ፈቃድሽ አይታደስም፤ ከዚህ ዞሮ ማምለጥ የለም።

እዚያ ስትደርሺ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው 19,200 ብር ከምን ተነስቶ እንደመጣ ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል የትንንሽ ነጋዴዎች ግብር በቀጥታ ከዓመቱ ሽያጭ ላይ እንዲታሰብ ተደርጓል። የክልላችሁ ጽሕፈት ቤት ያንቺን በምን እንዳሰበው አስረጂኝ በይ። ላንቺ ሥራ ይህ ነገር ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል። ምክንያቱን ልንገርሽ። አንዲት እናት ጨርቁን ራሷ ገዝታ አምጥታ «ለልጄ ዩኒፎርም ስፊልኝ» ስትልሽ ያንቺ ሽያጭ የእጅ ዋጋሽ ብቻ ነው። ጨርቁን አንቺ ገዝተሽ፣ ሰፍተሽ፣ ያለቀለትን ዩኒፎርም ስትሸጪ ግን የጨርቁም ዋጋ ሽያጭሽ ውስጥ ይገባል። የሠራሽው ያው አንድ ዩኒፎርም ነው፤ በወረቀት ላይ የሚታየው ሽያጭ ግን በጣም ይለያያል። ገማቾቹ መጥተው ሱቅሽን ሲያዩ የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ ያንቺ ጨርቅ አድርገው ቆጥረውት ከሆነ፣ ግብርሽ ከፍ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ልኬትና ዋጋ የምትጽፊበት ደብተር አለሽ አይደል? «ደረት ይህን ያህል፣ ቁመት ይህን ያህል፣ ቀብድ ይህን ያህል» የሚለውን ማለቴ ነው። እሱን ይዘሽ ሂጂ። የጨርቅ ደረሰኞችሽንም ሰብስቢ። ግምቱ ልክ አይደለም ካልሽ በቃል አትከራከሪ፤ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቢ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለቅሬታ የተሰጠው ጊዜ የውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰሽ አንስቶ 21 ቀን ነው። ማስታወቂያው መቼ እንደደረሰሽ አሁኑኑ ወረቀቱ ላይ እዪው፤ ያንቺ ጽሕፈት ቤት የሚሠራበትን ቀንም አረጋግጪ። ቅሬታሽ ተቀባይነት ባያገኝ ብዙ አልጎዳሽም። ካገኘ ግን የምትፈልጊው ብር ራሱ ያንሳል።

ሁለተኛው የክፍያ ጊዜ ነው። ሕጉ በቂ ምክንያት ያለው ግብር ከፋይ ጊዜው እንዲራዘምለት ወይም ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የሚወስነው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ወለዱም አይቀርም። ቢሆንም ከአራጣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማመልከቻሽ አጭር ይሁን። የሥራሽ ገቢ የሚገባው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መሆኑን፣ ዛሬ ይህን ያህል መክፈል እንደምትችዪ፣ ቀሪውን በየትኛው ቀን እንደምትጨርሺ ጻፊ። ባዶ እጅሽን «ጊዜ ስጡኝ» ከምትዪ፣ ግማሹን ይዘሽ ብትቀርቢ ይሰሙሻል። ማመልከቻሽን ሲቀበሉ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። ይህን አደራ!

አሁን ወንድምሽ። እሱን 10,000 ብር በአንድ ጊዜ አምጣ ብትዪው ሁልጊዜ «እሺ» ይልሻል፤ ሁልጊዜም አያመጣም። ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ባጃጅ የሚነዳ ሰው 10,000 ብር ተሰብስቦ በእጁ ላይ አያገኝም። ማታ ማታ የዕለቱን ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ማታ ማታ ጠይቂው። በቀን 300 ብር። በስልክ አይሁን፤ ስልክ አያነሳማ። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ሄደሽ አግኚው። «ግብሩ ቀን አለው፤ ባለቤቴም አውቋል» በይው። ይህ ሁለተኛው ቃል ከእህትነት ልመናሽ በላይ ይሠራል። ደግሞ የሚመጣው ሳምንት ለሱ መልካም ነው። ለገብርኤል ሀዋሳ ስንት ሰው እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ። ከመናኸሪያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያ ሁሉ ምዕመን በእግሩ አይሄድም። የባጃጅ ሰው የሚሠራበት ሰሞን ነው። በ15 ቀን 4,500 ብር ይሞላል። ቀሪው ከበዓሉ በኋላ በዚያው መንገድ ይቀጥል።

እስቲ እናስላው። ካለሽ 4,000 ላይ፣ ባለቤትሽ ቢስማማ ከበጉ ብር 6,500 ይጨመር፤ 2,500 ብሩን ለእንግዶቹ እንተወው። 10,500 ሆነ። ወንድምሽ 4,500 ካመጣ 15,000። የቀረሽ 4,200 ብር ነው። ይህ ከአራጣ አበዳሪ ቤት የሚያደርስ ጉድለት አይደለም።

ለዚያች 4,200 ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው እቁብሽ ነው። ወደ ሰብሳቢው ሂጂና ችግርሽን ንገሪው። ዕጣ የወጣለት ሰው ካልቸኮለ ለተቸገረ ማስቀደም በእቁብ የተለመደ ነው። ዋስ ይጠይቁሻል፤ ዋስ አዘጋጂ። 28 ሰው በ600 ብር 16,800 ነው፤ ካገኘሽው ግብሩን ዘግተሽ ለጨርቅ መግዣ ይተርፍሻል። ግን አንድ ነገር እፈራልሻለሁ። እቁብ ቀድሞ የበላ ሰው መክፈሉን ማቋረጥ አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ቀዝቅዞም 600 ብሯን በየሳምንቱ መጣል ትችያለሽ? እርግጠኛ ካልሆንሽ እቁቡ ይቆይልሽ።

ሁለተኛውን መንገድ እኔ እመርጠዋለሁ። ወላጆች ዩኒፎርም የሚያሰፉት ሁሌም መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው። ጳጉሜን ላይ ሱቅሽ ሞልቶ ሰው ይመለሳል፤ አንቺ ሌሊት ትሠሪያለሽ። ዘንድሮ አሁን ጀምሪው። የምታውቂያቸውን እናቶች «በሐምሌ ለሚያሰፋ የእጅ ዋጋ እቀንሳለሁ፤ ጨርቁን ራሳችሁ አምጡ» በያቸው። ትንሽ ብትቀንሺም እጅሽ ሥራ አይፈታም፤ ጨርቅ ለመግዛትም ብር አታወጪም። ቀብድ ስትቀበዪ ግን አንድ ነገር ጠብቂ። ለጨርቅ መግዣ የተሰጠሽን ቀብድ ለግብር እንዳታውዪው። የእጅ ዋጋሽን ብቻ ነው መንካት ያለብሽ። ይህ ከተቀላቀለ ጳጉሜን ላይ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

ወደ ሐምሌ 19 እንምጣ። እውነቱን ለመናገር በደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የገረመኝ ስለ አማትሽ አንድም ክፉ ቃል አለመጻፍሽ ነው። በግ እረዱልኝ ብለውሽ ያውቃሉ? ወይስ እናንተ ናችሁ በየዓመቱ «ምን ይሉናል» ብላችሁ የምታርዱት? እኚህ እናት የሚመጡት ለገብርኤል ነው። ሌሊት ተነስተው ለቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ንግሡ ላይ ይቆማሉ። ቤት ሲገቡ እግራቸው ዝሎ፣ ልብሳቸው በዝናብ ረጥቦ ነው። ያን ሰዓት የሚፈልጉት ትኩስ ምግብ፣ ቡናና ጋደም የሚሉበት ቦታ ነው። ክረምት ነው፤ ጎመን እንደልብ ነው። ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝተሽ ጥብስና ቀይ ወጥ ብትሠሪ፣ ጎመኑና አይቡ፣ ቆጮውም ሲጨመር ማዕዱ ሙሉ ነው። ዓሣ አበላቸዋለሁ ካልሽ ከበዓሉ አንድ ሁለት ቀን ቀድመሽ አብዪ። በዕለቱ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የሚሄደው እንግዳ ብዙ ስለሆነ ዋጋው ላንቺ አይሆንም።

በጉ እንደቀረ ለአማትሽ መንገር ያለበት ባለቤትሽ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ምራት ስትናገረው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ልጃቸው ደውሎ «እማዬ፣ ዘንድሮ ግብሩ ጠንከር ብሎብናል፤ ባለው አብረን እናከብራለን፤ ብቻ እናንተ ኑ» ቢላቸው የሚከፋቸው አይመስለኝም። የባለቤትሽ እህቶችም «ምን ይዘን እንምጣ?» ካሉ፣ እባክሽ «ኧረ ምንም» አትበዪ። ዘይት ወይም ስኳር ወይም ቡና በይ። ሰው የሚጠይቀው ሊያግዝ ፈልጎ ነው። እነሱም ባዶ እጃቸውን መግባት ይጨንቃቸዋል።

አዲስ ዓመትን ብዙ አታስቢበት፤ ገና ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ አለ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከአስቤዛው የሚተርፈውን ወጪ ውስጥ እንዳይጠፋ በየሳምንቱ አንስታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ቅቤም በበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን በዚያው ሰሞን ገዝተሽ አንጥሪው። ሽንኩርቱን ግን አታከማቺ፤ በክረምት እርጥበት ይበሰብስብሻል። ቅርጫውን ሙሉ በሙሉ ተው ማለት ባለቤትሽን ከጓደኞቹ መነጠል ይሆናል። አንድ መደብ ለሁለት ቤት መካፈል ግን ይቻላል። ከመምህራኑ መካከልም እንደናንተው የጠበበው፣ ግን አፍሮ ያልተናገረ አንድ ሰው አይጠፋም። ባለቤትሽ ቀድሞ ቢያነሳው ያ ሰው ያመሰግነዋል። ሥጋውም ዶሮውም ባንድ ላይ መሆን አለበት ያለው ማነው? አንዱ ይበቃል።

የልጆቹን ምዝገባ በተመለከተ ትምህርት ቤቱን ለሁለት ከፍላችሁ መክፈል ትችሉ እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቂ፤ በመጨረሻው ቀን አይሁን። ደብተሩን ከጎረቤት ጋር ሆነሽ በደርዘን ግዢ። ዩኒፎርማቸውን መቼም አንቺ ነሽ የምትሰፊው። ለበዓል አዲስ ልብስ ካሉ ታላቅየውን ቁጭ አድርገሽ «ዘንድሮ ዩኒፎርሙ አዲስ ነው፤ የበዓሉ ያምናው ነው» በይው። ልጆች በግልጽ ሲነገራቸው ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል። የሚያስፈራቸው ምክንያቱን ሳያውቁ የእናታቸውን ፊት ጠቁሮ ማየት ነው።

ምናልባት ባለቤትሽ «በጉን አልተውም» ቢልስ? ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ አትጣይው። ያለሽን 4,000ና ከወንድምሽ የምታገኚውን ይዘሽ ገቢዎች ግቢ፤ ቀሪውን ከፋፍለሽ እንድትከፍዪ ጠይቂ፤ እቁቡንም ሞክሪ። ባለቤትሽ የደመወዝተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆነም ከዚያ የሚገኘው ብድር ከሴትዮዋ ጋር አይወዳደርም። የሴትዮዋን ብር ግን በየትኛውም መንገድ አትንኪ። ዛሬውኑ ደውለሽ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልገውም» ብትያት ደስ ይለኛል፤ ጭንቅ ሲይዝሽ እጅሽ ወደዚያ እንዳይሄድ።

የመጨረሻው ስለ ከርሞ ነው። ያን የልኬት ደብተርሽን ገልጠሽ ከቀብዱ አጠገብ አንድ መስመር አስምሪና «ግብር» ብለሽ ጻፊበት። ዘንድሮ ያሰቡልሽ ከምን እንደሆነ ገቢዎች ሲነግሩሽ ከእያንዳንዱ ሥራ ስንት ብር ማንሳት እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ደንበኛው ልብሱን ሲወስድ ያን ብር ያን ዕለት ማታ ወደ ሌላ የባንክ ደብተር አስገቢው። ካርድ አታውጪበት። የሚቻል ከሆነ ሂሳቡ በሁለታችሁ ስም፣ በሁለታችሁ ፊርማ የሚወጣ ይሁን። ወንድምሽ ወይም ሌላ የምትወጂው ሰው ድንገት ቢቸገርና ቢለምንሽ «ብቻዬን ማውጣት አልችልም፤ ባለቤቴን ልጠይቀው» ትያለሽ። እውነትም ይሆናል።